በህንዳዊው ደጅ የቆሙልኝ ሽማግሌዎች

የመመረቂያ ጽሑፌን የጻፍሁት ስለ ህንድ ነው። ስለ ህንድ ሁሉ እንኳ አይደለም፤ በደቡብ ጫፍ ስላለች ኬረላ ስለምትባል ክፍለ ግዛት፣ እሱም ስለ ክፍለ ግዛቷ ዋና ሚኒስትር ሥልጣንና ታሪክ። ጎንደር አዲስ ዓለም ተወልዳ ያደገች፣ ከባሕር ዳር ወዲያ ተሻግራ የማታውቅ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ይህን ርእስ ከየት አመጣችው የሚሉ ብዙ ነበሩ። መልሱ አጭር ነው፤ ፈርቼ ነው።

የምማርበት ኮሌጅ የአስተዳደር ትምህርት ለምናጠናው ሁሉ ርእስ ምረጡ ባለ ጊዜ የክፍሌ ልጆች ስለ ቀበሌ፣ ስለ ወረዳ፣ ስለ ክልል ምክር ቤት ወሰዱ። እኔ ስለ ቅርቡ መጻፍ አልደፈርሁም። መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋል፤ ሰው ባጃጅ ውስጥ እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራ። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ሀገር ሹም የተጻፈ ነገር ስሜን ይዞ መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥ አልፈለግሁም። አማካሪዬ ህንዳዊ ነበሩ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ጎንደር ብዙ ዓመት የኖሩ፣ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ቤት ተከራይተው ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው። አማርኛቸው ለገበያና ለሰላምታ ይበቃል። ምን እንደምፈራ ሳልነግራቸው ገባቸው።

«እንግዲያው ስለ እኔ ሀገር ጻፊ» አሉኝ። «እዚያ ማንም አያውቅሽም።»

ያን ዓመት ኬረላ ኖርሁ ማለት ይቻላል። ኔትወርክ ባለ ጊዜ ያወረድሁትን በሌለ ጊዜ አነብ ነበር። እዚያ አገረ ገዥው ከማዕከል ተሹሞ የሚመጣ ነው። የክብር ቤት አለው፣ ወረቀት ይፈርማል፣ በበዓል ቀን ሰላምታ ይቀበላል። የመንግሥቱን ሥራ የሚመራው ግን ዋና ሚኒስትሩ ነው። አገረ ገዥው ይሾመዋል ቢባልም ደስ ያለውን አይሾምም፤ ሕዝብ በመረጠው ምክር ቤት ውስጥ አብላጫውን ድምፅ የያዘውን ሰው ጠርቶ ያስምለዋል። የምክር ቤቱ አባል ያልሆነ ሰው እንኳ ሊሾም ይችላል፤ በስድስት ወር ውስጥ ተወዳድሮ ወንበር ካላገኘ ግን ይወርዳል። ምክር ቤቱ አመኔታውን ባነሣ ቀን ዋና ሚኒስትሩ ከነሚኒስትሮቹ ይነሣል። ማንም ሰይፍ አይመዝም። ይቆጠራል፣ ያልበቃው ይሄዳል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የተሰማኝን ደስታ አሁን ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።

ታሪኩም ረጅም ነው። በነገሥታቱ ዘመን ዲዋን የሚባል ሹም ነበር፤ መልስ የሚሰጠው ለንጉሡ እንጂ ለሕዝብ አልነበረም። ከእንግሊዝ ነጻ ከወጡ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የግዛቱ መሪ ጠቅላይ ሚኒስትር ይባል ነበር። በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ለማዕከሉ ሰው ብቻ ቀርቶ የክፍለ ግዛቶቹ ዋና ሚኒስትር ተባሉ። ኬረላ በአንድ ከተጠቃለለች በኋላ የተመረጠው የመጀመሪያ መንግሥት፣ በምክር ቤቱ አብላጫ ድምፅ እያለው፣ ከማዕከል በመጣ ውሳኔ ተሰናበተ። በሌላ ጊዜ ማንም የሚበቃ ድምፅ ስላላገኘ ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት አንድ ቀን እንኳ ሳይሰበሰብ ተበተነ። ደግሞ በሌላ ጊዜ ድምፁ እኩል ለእኩል ሆኖ በአፈ ጉባኤው ድምፅ እየተደገፈ የሚኖር መንግሥት ነበር፤ አንድ አባል ድጋፉን ባነሣ ጊዜ ወደቀ። እኔ ጽሑፌን እስከጨረስሁበት ድረስ በዚያ ወንበር ሴት ተቀምጣበት አታውቅም። በሌሎች ክፍለ ግዛቶች ግን ሴቶች ተቀምጠዋል፤ ይህንን በግርጌ ማስታወሻ አስገባሁት።

በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ፣ በወረቀት ዋና ሚኒስትሩን የሚያቆመው ምክር ቤቱ ቢሆንም ስሙ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ሩቅ ከተማ በተቀመጡ የፓርቲ አለቆች ደጅ ነው ብዬ ጻፍሁ። ሰው ያቺን ደጅ ለመጥናት በአውሮፕላን ይመላለሳል አልሁ። የህንድ ጉድለት አድርጌ ነበር የጻፍሁት።

ሰፈራችን ወሬውን ሰምቶ ነበር። ከአባቴ ሱቅ አጠገብ ጫማ የሚሸጠው ጎረቤታችን ባለፍሁ ቁጥር አይለቀኝም።

«የህንዱ ሹም እንዴት አደረ?»

«ደህና አድሯል» እላለሁ አንገቴን ደፍቼ።

«ኧረ ቀና በይ! እንዲህ እየተሽኮረመሙ ሚኒስትርነት አለ?»

አባዬ ደግሞ በቁም ነገር ነበር የሚጠይቀኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ገበያ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ስለ ዋና ሚኒስትሩ እንድነግረው ፈለገ።

«ማነው የሾመው?»

«ምክር ቤቱ ነው፣ አባዬ። አብላጫው ከደገፈው ይሾማል።»

«ምክር ቤቱንስ ማን አናገረለት?»

«ማንም።»

«ማንም? ደጅ ሳይጠና?» ሳቀ። «ልጄ፣ ይህ ከተማ እኮ ነገሥታት የኖሩበት ነው። አያቶቻችን ደጅ ሲጠኑ ነው ያረጁ። ደጅ ያልተጠናበት ሹመት የለም። የህንዱም ቢሆን ያልነገሩሽ ነገር አለ።»

የመጨረሻውን ምዕራፍ ገና አልነገርሁትም ነበር። ብነግረው ኖሮ ምን ያህል ደስ ይለው እንደነበር አስባለሁ።

ልንመረቅ ስንል ኮሌጁ ከክፍላችን አንድ ሰው በረዳት መምህርነት እንደሚያስቀር ተሰማ። ያን ቦታ እንዴት እንደፈለግሁት ለማንም አልተናገርሁም። ሰው ፊት ስትቆም አንገቷን የምትደፋ ልጅ መምህር ልሁን ብትል ያስቃል። ግን አማካሪዬ ሲታመሙ አንድ ቀን በእሳቸው ቦታ ለታናናሾቻችን ስለ አመኔታ ድምፅ እንዳስረዳ አደረጉኝ። ጠመኔውን ይዤ ጀርባዬን ለልጆቹ ሰጥቼ ጀመርሁ። ዞር ስል ጸጥ ብለው እየጻፉ ነበር። አንዷ እጇን አውጥታ ጠየቀችኝ፤ መለስሁላት። ሰዓቱ እስኪያልቅ ድረስ ዓይን አፋር መሆኔን ረሳሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ሥራ ሳስብ አልታይ አለኝ። ቦታውን ካላገኘሁ የሚጠብቀኝ የአባቴ ሱቅ ነው፤ ሱቅ ደግሞ ለሴት ልጅ ባል እስኪመጣ የሚያስጠብቅ ወንበር ነው።

ለመጨረሻው የቀረነው ሁለት ነን። ሌላው ወንድ ልጅ ነው፤ ሰላምታ የሚያውቅ፣ መጥፎ ያልሆነ ተማሪ። የሚወስኑት ሦስት ናቸው፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ውጤት እንጂ ፊት አያይም የሚባል ሌላ መምህር፣ እና አማካሪዬ። ኃላፊው ልጁን እንደሚመርጥ ግቢው ሁሉ ያውቃል። ሌላው መምህር ውጤቴን አይቶ ለእኔ እንደሚሰጥም ይታወቃል። ድምፅ እኩል ቢሆን ኃላፊው ያለበት ወገን ያሸንፋል የሚል ደንብ አለ። ስለዚህ ነገሬ ሁሉ ያለው በአማካሪዬ እጅ ነበር። እሳቸውም ቃለ መጠይቁን እንደጨረስሁ ኮሪደር ላይ አግኝተውኝ፣ በልማዳቸው በቁጥብ እንግሊዝኛ፣ «ሥራሽ ጥሩ ነው፤ እደግፈዋለሁ» ብለውኝ ነበር። ውሳኔው ሰኞ ነው።

ይህንን ሁሉ ማታ በራት ሰዓት ለአባዬ ነገርሁት። ማን ማን እንደሚወስን ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። ህንዳዊው የት እንደሚኖሩ ጠየቀኝ፤ ወሬ መስሎኝ ቀሐ አጠገብ አልሁት።

እሑድ ረፋዱ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን ገቡ። አንደኛው በሰፈራችን ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ ሐጂ ናቸው። ሁለተኛው ጎረቤታችን የሆኑ ቄስ ናቸው። ሦስተኛው የአባዬ የቆየ የገበያ ወዳጅ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ በጠዋቱ ሚኒባስ የመጡ ገበሬ፣ ሁሉም ሰው አያ የሚላቸው። ሦስቱም ነጭ ለብሰዋል። ሦስቱም ደስ ብሏቸዋል። እኛ ሙስሊሞች ነን፤ ሥጋችን ለቄሱና ለአያ ስለማይሆን እናቴ ሽሮ አቀረበች፤ እኔ እጅ ላስታጥብ ቆሜ ነበር።

«አለቀ!» አሉ ሐጂው ለአባዬ። «እንኳን ደስ ያለህ።»

«እስቲ ከመጀመሪያው ንገሩኝ» አለ አባዬ።

«ቤቶች! አልን። በሩን ህንዱ ራሱ ከፈተው። ደግሞ ምን ታጥቆ ብትለኝ፣ ሽርጥ! እንደኛው ሽርጥ! የኛ ሰው ነው አልሁ በሆዴ።»

«አንተማ ሽርጥ ካየህ ሁሉም ያንተ ነው» አሉ ቄሱ።

«ግቡ አለን። አንገባም፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንገባም ብለን ደጁ ላይ ቆምን» አሉ ሐጂው።

አያ ሳቃቸው መጣ። «ደነገጠ ሰውየው! ሦስት ሽማግሌ በጠዋት ደጁ ቢቆም መርዶ የመጣበት መሰለው። ህንድ ሀገር ሰው የሞተበት መስሎት ምንድነው ምንድነው ይላል። ምነው ትጨነቃለህ፣ አይዞህ፣ ስለ ልጅ ነው የመጣን አልሁት።»

«እኔ ነኝ ያስረዳሁት» አሉ ቄሱ። «ይህች ልጅ አፍ የላትም፤ አፍ ልንሆናት መጥተናል። ነገ በእጅህ ላይ ናት፤ እንዳትጥላት አልሁት።»

«ሸጋ ልጅ ናት፣ ከሸጋ ቤት የወጣች፣ አልሁት እኔም» አሉ አያ።

«እሱስ ምን አለ?» አባዬ ወደ ፊት ተጠጋ።

«ምን ይላል? ትልቅ ሰው ነው፣ አዳመጠን። ኋላ እጃችንን ይዞ አስገባን። አስቀመጠን። ወተት የገባበት ሻይ አፍልቶ አጠጣን» አሉ ሐጂው።

«ካስቀመጠማ!» አለ አባዬ። «ካጠጣማ!»

የሀገሬን ሥርዓት አውቃለሁ። ሽማግሌ ለልመና ሲሄድ ደጅ ይቆማል፤ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም፣ አይቀምስም። አስገብቶ ያስቀመጠና ያጠጣ ሰው ልመናውን ተቀብሏል ማለት ነው። ይህንን ግን ለአማካሪዬ የነገራቸው የለም። ከፀሐይ ላይ ያነሡዋቸው ለአረጋውያን አዝነው እንደሆነ ገባኝ። ማስታጠቢያው በእጄ ከበደኝ።

«የሚወስነው ኮሚቴ ውስጥ እሳቸውም እንዳሉ ታውቁ ነበር?» አልሁ። ሽማግሌ ፊት ድምፄን ማሰማቴ ነው፤ እናቴ ቀና ብላ አየችኝ።

«ስለሱ አይደል የሄድነው!» አሉ ሐጂው። «ካልወሰነ ምን ሊያደርግልን!»

«ባዶ እጅም አልሄድን» አሉ አያ። «የወገራ ነጭ ሽንኩርት በማዳበሪያ አምጥቼለት ነበር። አልወስድም አልወስድም ቢል እበሩ ሥር ጣል አድርጌለት ወጣሁ። ወጥ ይሠራበት።»

መረቁኝ። እጄን ዘርግቼ አሜን አልሁ፤ ምን ላደርግ እችል ነበር?

ሰኞ ጠዋት ኃላፊው ቢሮ ተጠራሁ። ማዳበሪያው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ክፍሉ በሙሉ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። አማካሪዬ ኮታቸውን ለብሰው ቆመው ነበር። ሸክሙን ራሳቸው በባጃጅ ይዘውት መጥተዋል። ቤታቸው ሦስት ሰዎች እንደመጡ፣ ስለ እኔ እንደለመኑዋቸው፣ ይህን ትተው እንደሄዱ ተናገሩ። ልጅቷ አታውቅም፣ ይህንንም መዝግቡልኝ አሉ። ከዚያ ከውሳኔው እወጣለሁ አሉ።

ኮሪደር ላይ ተከተልኋቸው።

«ሰር፣ እኔ አላወቅሁም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ይወጣሉ?»

«ሦስት ሽማግሌዎች ደጄ ቆመው ከለመኑኝ በኋላ ድምፄን ብሰጥሽ፣ እነሱ የሰጡሽ ይሆናል። ብነፍግሽ ደግሞ ሰዎች እንዳያሙኝ ፈርቼ ይሆናል። በየትኛውም መንገድ የእኔ ድምፅ አይሆንም።»

«ግን እርስዎ ከወጡ እኮ አላገኘውም።»

ያውቁት ነበር፤ ፊታቸው ላይ አየሁት።

«የጽሑፍሽን የመጨረሻ ምዕራፍ አስቢው» አሉኝ ሲሄዱ።

አሰብሁት። እስከ ዛሬም አስበዋለሁ። ትክክል እንደነበሩ አውቃለሁ፤ ያችን የመጨረሻ ቃል ግን ይቅር አላልኋቸውም። እጃቸው ንጹሕ ሆኖ ቀረ፤ ለንጽሕናው የተከፈለው ግን የእኔ ነበር። ሰው ትክክል ሲሆን ዋጋው ማን ላይ እንደሚወድቅ የሚናገር አንቀጽ በኬረላ ሥርዓት ውስጥ አላገኘሁም።

ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ተለጠፈ። አንዱ ድምፅ ለእኔ፣ አንዱ ለልጁ፤ እኩል ሲሆን ኃላፊው ያለበት ወገን ያሸንፋል። ልጁ በረዳት መምህርነት ቀረ። ሰሌዳው ፊት ቆሜ ሳለ የክፍሉ ጸሐፊ ከቢሮዋ ወጥታ ክንዴን ያዘችኝ። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ከልቧ ያዘነች ይመስለኛል።

«አንቺ እህቴ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በዚህ ዘመን ሰው በእግሩ ይላካል እንዴ? ስልክ አለ አይደለም? የልጁን ነገር ዓርብ ነው ከላይ ደውለው የጨረሱት። አጎቱን አታውቂያቸውም?»

አላውቃቸውም ነበር።

ቃለ ጉባኤው ላይ ስለ እኔ «ከአመልካቿ ወገን ስጦታ ቀርቧል» የሚል ሰፍሮ ቀረ። ስለ ስልኩ የሰፈረ የለም። ሽማግሌዎቹ በጠራራ ፀሐይ፣ ነጭ ለብሰው፣ መንደር እያያቸው ነው የሄዱት፤ የሚደብቁት ነገር አልነበራቸውም። ነውሩ እነሱ ላይ ተጻፈ። ማዳበሪያውንም የግቢው ጥበቃዎች ተካፍለው ወሰዱት።

አባዬ ሱቁን ሊዘጋ ሲል ደረስሁ። ፊቴን አይቶ ገባው።

«ህንዱ ከዳን?»

«አልከዱም፣ አባዬ። እሳቸው ከእኔ ጋር ነበሩ። ሽማግሌ ስለተላከባቸው ከውሳኔው ወጡ።»

መቆለፊያውን ይዞ ቆመ። «ሽማግሌ ተልኮበት ጥሎ የሚወጣ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«በእሳቸው ሥርዓት እንዲያ ነው።»

«ሌባ ላክሁበት? ሽፍታ ላክሁበት? ሽበት ነው የላክሁ!»

«ማንም ባይሄድ ኖሮ አገኘው ነበር።»

በሕይወቴ ለአባቴ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም ነበር። የጫማ ነጋዴው እንኳ የሚያነሣውን ትቶ ወደኛ ዞረ። አባዬ መቆለፊያውን በሩ ላይ ገጠመ። ኋላ ቁልፉን ወደ ኪሱ እየከተተ፣ «ማንም የማይሄድላት ልጅ እኔ ቤት አልተወለደችም» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

መንገዱን ሁሉ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ሄድን። ለእሱ ሰው የማይቆምለት ልጅ ማለት የሙት ልጅ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ያን ቀን ወላጅ የሌለኝ ብሆን ኖሮ መምህር እሆን ነበር። ይህንን አሰብሁ፤ ማሰቤንም እጠላዋለሁ፤ ሐሰት ነው ማለት ግን አልችልም።

ሽማግሌዎቹ ተቀይመዋል። ሐጂው ህንዳዊውን መንገድ ላይ ካዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። አያ ሽንኩርታቸው እንደ ሌባ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ መውጣቱን ሰምተው፣ «ምነው ታዲያ ሻዩን አጠጣን?» ብለው ጠየቁ አሉ። አማካሪዬ ኮንትራታቸው ሲያልቅ ሀገራቸው ገቡ። መሄዳቸውን የሰማሁት ከሄዱ በኋላ ነው።

እኔ ሱቅ ነኝ። ጠዋት ከአባዬ ጋር እከፍታለሁ፣ ማታ ከእሱ ጋር እዘጋለሁ። ስለዚያ ነገር አንነጋገርም። ባለፈው የበዓል ገበያ ሰሞን ግን ከሳንጃ የመጣች የቆየች ደንበኛችን ጨርቅ እያገላበጠች ድንገት ቀና ብላ አየችኝ።

«ይችኛዋ አይደለችም እንዴ ኮሌጅ ታስተምራለች የተባለች?»

እኔ አፌን ሳልከፍት አባዬ ቀደመኝ። «እዚያው እንድትቀር ለምነዋት ነበር» አለ። ዓይኑን ከሚያጥፈው አቡጀዲ ላይ አላነሣም። «እሷ ናት አልፈልግም ያለች።»

«ውይ! ምነው ልጄ፣ እንዲህ ያለ እንጀራ ይገፋል?»

አባዬ ማጠፉን አቆመ። ወደ እኔ አላየም፤ ግን እጆቹ ጨርቁ ላይ እንደተዘረጉ ቀሩ፤ እየጠበቀ እንደሆነ አወቅሁ።

«ሱቁ ይሻለኛል» አልኋት።

«አይ የዛሬ ልጆች!» አለችና ከንፈሯን መጥጣ በጣቷ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ጠቆመች። ወንበሩን ስቤ ወጣሁና የጠቆመችውን ጣቃ አወረድሁላት።